ስለ ትውልድና ስለ ዜግነት ማስረጃ

ዜግነት ከጽሕፈት ቤት ተለምኖ የሚገኝ ስጦታ የሚመስላቸው ሹማምንት አይታጡም። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ፥ በኢትዮጵያም ሆነ በውጭ አገር ተወልዶ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ መሆኑን በመጀመሪያው አንቀጽ ደንግጎ ነበር። በእርሱ ፈንታ የተተካው የ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 378ም ይህን መሠረት አልነቀለም። እንግዲህ የሹሙ ሥራ የወላጆችን ማንነት መርምሮ ማረጋገጥ ነው እንጂ ዜግነትን መስጠትና መንሣት አይደለም።

ሕጉ ባይከብድም ማስረጃው ይከብዳል። ከጎባ ተነሥቶ የሰነቴን ደጋ ተሻግሮ በሐረና ጫካ ቁልቁል ወደ ደሎ መና የሚወርድ ሰው ይህን ሊያስተውል ይችላል። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በሆነው ጦርነት ምክንያት ከባሌ ብዙ ቤተ ሰብ ወደ ሶማሊያ ተሰደደ፤ በስደትም ልጆች ተወለዱ። በ1983 ዓ.ም. የሶማሊያ መንግሥት ሲፈርስ ከስደተኞቹ ብዙዎች ወደ አገራቸው ተመለሱ። በስደት የተወለደው ልጅ የልደት ወረቀት የለውም ቢባል፥ በመላ አገሪቱ ልደትን በመዝገብ መጻፍ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ፥ እዚያው መና የተወለደው እኩያውም ያው ነው፤ ልዩነቱ እርሱን ጠያቂ የሌለው መሆኑ ነው።

ክርስቲያን የሆነ ሰው የጥምቀት ማስረጃ ያቀርብ ይሆናል፤ ስለዚህም ካህናት መዝገባቸውን አጥብቀው ሊጠብቁ ይገባል። የባሌ ኦሮሞ የዘር መዝገብ ግን በቃል የተያዘ ነው፤ ከአባት ከአያት ከቅድመ አያት አልፎ እስከ ጎሳው አባት ይቈጠራል። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የውጭ ዜግነት ላለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ እስከ ቅድመ አያቱ ቈጥሮ ቢጫ ካርድ የሚባለውን መታወቂያ ይፈቅድለታል። ለውጭ ዜጋ ይህን ያህል ትውልድ ከተቈጠረ፥ አባቱን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በመንደሩ ያሉት ሰው ስለ አንድ ትውልድ ዓመት ሙሉ ደጅ መጥናቱ ምን ይባላል?

በስደተኛ ስም ባዕድ እንዳይገባ ሹሙ ቢጠነቀቅ አይነቀፍም። ዳንኤል በሶስና ነገር ሁለቱን ረበናት ለየብቻ አቁሞ እንደ መረመረ፥ እንዲሁ ምስክሮቹ ለየብቻ ቀርበው የአያቱን ስም፥ የቤቱን ሥፍራ፥ የተሰደዱበትን ዘመን ይጠየቁ። ቃላቸው ቢተባበር ተጽፎ ይፈረምበት፤ ቅጂውም ለባለ ጉዳዩ ይሰጠው። በቀበሌ የተሰማውን ቃል በወረዳ እንደ ገና ማስጀመር ሽማግሌን ከማድከም በቀር ጥቅም የለውም፤ በ1969 ዓ.ም. የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ የነበረው ምስክር ዛሬ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ቀርቧል።