ከኢኔም እስከ ኮይምብራ

እ.ኤ.አ. በ2014 የፖርቱጋሉ ኮይምብራ ዩኒቨርሲቲ የብራዚልን ብሔራዊ ፈተና፣ ኢኔምን፣ ለመግቢያ ተቀበለ። ነገሩ የታሪክ ቀልድም አለበት፤ በቅኝ ግዛት ዘመን ብራዚል አንድም ዩኒቨርሲቲ ስላልነበራት የባለጸጎቿ ልጆች የሚሄዱት እዚያው ኮይምብራ ነበር።

በሩ መከፈቱ መልካም ነው። ቋንቋው አንድ ስለሆነ ግን መንገዱ አልጋ በአልጋ አይሆንም። የውጭ ተማሪ ከአገሬው ልጅ ይበልጥ ይከፍላል፤ የቤት ኪራዩ በዩሮ፣ የወላጅ ደመወዝ በብራዚል ሬያል ነው። ከሁሉ የሚከፋው መመለሻው ነው። ዲግሪው አገር ቤት እንዲሠራ የብራዚል ዩኒቨርሲቲ መርምሮ ማጽደቅ አለበት፤ ለሐኪሞች ደግሞ ሬቫሊዳ የሚባል ፈተና አለ።

ኮይምብራ በሩን ከመክፈቱ ቀደም ብሎ፣ የብራዚል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 «ሳይንስ ያለ ድንበር» ብሎ ወጣቶችን በስኮላርሺፕ ወደ ውጭ በገፍ መላክ ጀመረ። አመልካቹ ወደ ፖርቱጋል ሲያዘነብል ጊዜ፣ ሌላ ቋንቋ ይልመዱ ተብሎ አገሪቱ በ2013 ከመዳረሻዎቹ ዝርዝር ወጣች። እኛ ጥፋቱን በተማሪው ላይ አንጭንም። በመንግሥት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ በወጉ ያልተማረ ልጅ የሚያውቀውን ቋንቋ ቢመርጥ ምን ይገርማል? ስኮላርሺፕ ከማደል በፊት የቋንቋ መምህር መቅጠር ይቀድም ነበር።