ደመወዝ እንግዳ፣ ዕዳ የቤቱ ባለቤት!

ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ላይ አንድ ባለዕዳ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ የሚከፍልበት ቀን ደረሰ። ቀኑ አለፈ። የሁለት ሳምንት እፎይታ ነበረው፤ እሱም አለፈ። አልከፈለም። ለምን ሲባል፣ አበዳሪዎቼን ሁሉ በእኩል ዓይን ለማየት ብዬ ነው አለ።

ባለዕዳው ሌላ ማንም አይደለም፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ነው። ዕዳው ደግሞ በ2007 ዓ.ም. የሸጠው የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮ ቦንድ ነው። ከዚያስ ምን ሆነ? ዕቃው ሜዳ ላይ ተወረወረ? መብራቱ ተቆረጠ? ኧረ በጭራሽ! አይ.ኤም.ኤፍ. በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በአራት ዓመት የሚለቀቅ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደለት። በቻይናና በፈረንሣይ ሰብሳቢነት የተቀመጡ አበዳሪ መንግሥታትም በ2017 ዓ.ም. የመክፈያ ጊዜውን ሊያራዝሙለት ተስማሙ።

እስቲ እርስዎ ይሞክሩት! ወሩ ሲያልቅ አከራይዎን፣ "ጋሼ፣ ከባለ ሱቁና ከዕቁቡ ዳኛ ጋር በእኩል ዓይን ላይዎት ስለፈለግሁ የዚህን ወር ኪራይ አልከፍልም" ይበሏቸው። ፍራሽዎ በማግስቱ የት እንደሚያድር ያዩታል።

ይህን የምናነሳው የአገር ዕዳ ለምን ቀለለ ብለን አይደለም። ቢቀል ደስታችን ነው። የከነከነን ሌላ ነው። ለራሱ ጊዜና አደራዳሪ የሚፈልግ መንግሥት ለዜጋው ሲሆን ምክር ብቻ ነው ያለው። "የቁጠባ ባህል የለንም፣ አቅደን አንኖርም፣ ድግስ እናበዛለን" ይለናል። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ዘይትና ጤፍ በዱቤ ሲገዛ አባካኝ ሆኖ ነው እንዴ? የቤተሰቡ ዕዳ የመጣው ከድግስ ሳይሆን ደመወዙ እጁ ላይ ስለሟሟ ነው።

ይሁን እንጂ ጎበዝ፣ አንድ መራራ እውነት አለ። ጥፋቱ የሌላ ሰው ቢሆንም ዕዳው የኛ ነው። አራጣ አበዳሪ "የምንዛሪ ለውጡ ጎድቶሃል" ብሎ አይምርም። ስለዚህ እሪ ማለትም፣ እርሳስ ማንሳትም የግድ ነው። ሁለቱንም እንሞክር።

ጭማሪው የት ገባ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ገበያ ላይ ተለቀቀ። ዋዜማውን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዕለቱ ከ74 ብር አለፈ። ሳምንታት ሳይቆይ 100ን ተሻገረ፤ ዓመት ሲሞላው ከ130 በላይ ሆነ። ነዳጁ፣ መድኃኒቱ፣ የምግብ ዘይቱ፣ ማዳበሪያው ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው። የዶላሩ ዋጋ ጓዳችን ድረስ ዘልቆ ገባ።

ደመወዝ አልተጨመረም ወይ? ተጨምሯል፤ አንዋሽም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 6,000 ብር ገባ። የጀማሪ ባለ ዲግሪ ደመወዝም ከ6,940 ወደ 11,500 ብር አደገ። ቁጥሩን ሲያዩት ያጠግባል። ግን 11,500 ብሩ ቤት የሚገባው ስንት ሆኖ ነው? በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት ግብሩ 2,100 ብር ነው። ጡረታው 7 በመቶ፣ ማለትም 805 ብር። እጅ ላይ የሚቀረው 8,595 ብር። የ6,000 ብሩ ሠራተኛ ደግሞ 700 ብር ግብርና 420 ብር ጡረታ ተቆርጦ 4,880 ብር ይደርሰዋል።

"ከግብር ነፃ የሆነውን ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር አሳደግንላችሁ" ተብለናል። እስቲ እንመንዝረው። 600 ብሩ በ2008 ዓ.ም. ሲወሰን ዶላሩ ከ22 ብር በታች ነበር፤ 600 ብር ወደ 27 ዶላር ይሆን ነበር። 2,000 ብሩ ሲወሰን ግን ዶላሩ ከ130 ብር በላይ ስለነበር ከ15 ዶላር በልጦ አልተገኘም። ቁጥሩ በሦስት እጥፍ አደገ፤ ስጦታው በግማሽ ገደማ አነሰ። እንዲህ ያለ ሒሳብ በየት ትምህርት ቤት ነው የሚሰጠው?

የግሉ ሠራተኛ ይህም አልደረሰው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጓል። አዋጁ ከወጣ ስንት መስከረም እንደጠባ አንባቢ ይቁጠር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

ቆጥቡ ሲሉን...

ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አደረገው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዋጋ ንረቱ በመንግሥት የራሱ መሥሪያ ቤት ቆጠራ ከ30 በመቶ በላይ ደረሰ። እንግዲህ 1,000 ብር ባንክ ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 1,070 ብር ይቀበላል፤ በ1,000 ብር ሊገዛው ይችል የነበረው ዕቃ ግን 1,300 ብር ገብቶ ይጠብቀዋል። የቆጠበው ተቀጣ! ታዲያ ሰው ብሩን ባንክ ከማቆየት ስኳርና በርበሬ ገዝቶ ቢያስቀምጥ "ባህል የለውም" ይባላል? ሒሳብ አወቀ እንጂ።

የዕዳ ዋጋው ስንት ነው?

ዕዳ ሁሉ አንድ አይደለም። ቢቸግር ጤፍ ብድር ይላሉ አበው። ቸግሮን ስንበደር ግን "ስንት ሰጡኝ?" እንጂ "በስንት ሰጡኝ?" ብለን አንጠይቅም። ቤት የሚያፈርሰው ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

አራጣን እንውሰድ። "ከመቶ ብር በወር አሥር ብር" ሲባል ቀላል ይመስላል። በዓመት 120 በመቶ ነው! የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ለሰው ሲያበድር በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋልን ይከለክላል። አራጣ አበዳሪው ሕግ ለዓመት የፈቀደውን በወር ከምናምን ጊዜ ይሰበስባል ማለት ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አራጣን በወንጀል ያስቀጣል። ግን ማን ይከሳል? አበዳሪው የተፈረመ ባዶ ቼክ ኪሱ ከቷላ! ተበዳሪው ልክሰስ ቢል ደረቅ ቼክ በመስጠት ወንጀል ራሱ ሊከሰስ ይችላል። ስለዚህ ምንም ቢቸግርዎ ገንዘብ የሌለበት ቼክ እንዳይፈርሙ። ችግር ያልፋል፤ ወንጀል መዝገብ ላይ ይቀራል።

የስልኩ ብድርስ? በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ቴሌብር "መላ" እና "እንደኪሴ" የተባሉ ብድሮችን ይዞ መጣ፤ ባንኮችም ተከታተሉ። ያለ መያዣ፣ ያለ ዋስ፣ ማንንም ደጅ ሳይጠኑ ብር ማግኘት ለብዙ ሰው ከአራጣ መዳኛ ነው፤ አንክድም። ነገር ግን "ወለድ" ሳይባል "የአገልግሎት ክፍያ" ሲባል ስሙ አያታልልዎ። 1,000 ብር ለአንድ ወር ወስደው 60 ብር ቢጨምሩ በዓመት 72 በመቶ ነው። አንድ ጊዜ ለታመመ ልጅ ከሆነ ይሁን። በየወሩ ደመወዝ ሲገባ ከፍሎ በማግስቱ መልሶ መበደር ከሆነ ግን በዓመት 720 ብር ከፍለው ያው 1,000 ብር ዕዳ አለብዎ።

የሱቅ ዱቤ ወለድ የለውም ይባላል። አለው! ወለዱ ዋጋው ውስጥ ነው። በዱቤ የሚገዛ ሰው አይከራከርም፤ "ትናንትና በዚህ ዋጋ ነበር" አይልም። የእሑድ ገበያ ወይም የሸማቾች ሱቅ ሄዶ ረከስ ያለውን መግዛትም አይችልም፤ ደብተሩ ሰፈሩ ሱቅ ነው የታሰረው።

ዕቁብስ? ዕቁብ ለመጀመሪያው ዕጣ ወለድ አልባ ብድር ነው፤ ለመጨረሻው ወለድ አልባ ቁጠባ። አሥራ ሁለት ሰው በወር 1,000 ብር ቢጥል የመጨረሻው ባለዕጣ 12,000 ብሩን በዓመቱ ያገኛል። ዋጋ በ20 በመቶ ከናረ ግን ብሩ የሚገዛው የ10,000 ብር ዕቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ዕዳ ያለብዎ ከሆነ ዳኛውንና አባላቱን ለምነው ዕጣውን ቀድመው ይውሰዱ፤ በባህላችን የቸገረው ዕጣ መለመኑ ነውር አይደለም። ብሩን ግን ለሶፋ ሳይሆን ለአራጣው ያውሉት።

ወረቀትና እርሳስ

አንደኛ፣ ሒሳብ ከ11,500 ሳይሆን ከ8,595 ይጀመር። ብዙ ቤት የሚከስረው በጥቅሉ ደመወዝ አቅዶ በተጣራው ስለሚኖር ነው።

ሁለተኛ፣ ዕዳው ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ ይውጣ፤ ከማን፣ ስንት፣ በወር ምን ያህል ያስከፍላል፣ ባይከፈል ምን ይመጣል? ባልና ሚስት አብረው ይጻፉት። በድብቅ የተበደረ ባል፣ ጌጧን በድብቅ ያስያዘች ሚስት ጥቂት አይደሉም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለትዳር ጥቅም ሲባል የተገባ ዕዳ ከጋራ ንብረት እንዲከፈል ይፈቅዳል። የደበቁት ዕዳ ዞሮ የሁለታችሁንም በር ማንኳኳቱ አይቀርም።

ሦስተኛ፣ ውዱ ዕዳ ይቅደም። ብዙ ሰው ትንሿን ወይም የሚያሳፍረውን ከፍሎ አራጣውን ያቆያል። 10,000 ብር በአራጣ ያለበት ሰው በወር 1,000 ብር እየከፈለ ዕዳው ከ10,000 አይነቃነቅም። መሥሪያ ቤቱ የብድርና ቁጠባ ማኅበር ካለውና በዓመት በ12 በመቶ ቢያበድረው የያንዳንዱ ወር ወለድ 100 ብር ነው። ዕዳን በዕዳ መክፈል አደገኛ ነው የሚባለው እውነት ነው፤ ውዱን በርካሽ መለወጥ ግን መዳን ነው።

አራተኛ፣ ልክ ይኑር። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ከደመወዝ በአንድ ጊዜ ከሲሶ በላይ እንዳይቆረጥ ይከለክላል። ሕግ አውጪው ከዚህ በላይ የተቆረጠበት ሰው መኖር አይችልም ብሎ ነው። ይህንኑ ልክ ቤታችን እናግባው። ከ8,595 ብር ሲሶው 2,865 ብር ነው። የዕዳ ክፍያ ከዚያ ካለፈ ለምግብ ሌላ ዕዳ መግባት አይቀርም። አበዳሪን ቀኑ ሳያልፍ ቀርቦ "በየወሩ ይህን ያህል ልስጥዎ" ማለት ከመሸሽ ይሻላል። መንግሥትስ ያደረገው ይህንኑ አይደል?

አምስተኛ፣ መስከረም በመስከረም አይታሰብ። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ደብተርና ዩኒፎርም ባንድ ላይ ይመጣሉ። ከፊታቸው ደግሞ ደመወዝ የሌላት ጳጉሜን አለች። በአሥራ ሦስት ወር ፀጋ እንኮራለን፤ ደመወዝ ግን አሥራ ሁለት ነው፤ ዳቦ በጳጉሜንም ይበላል። የመስከረም ወጪ 11,000 ብር ከሆነ ከጥቅምት ጀምሮ በየወሩ 1,000 ብር ነው። ባይቻል ግማሹ እንኳ ይያዝ፤ የአራጣውን ግማሽ ያድናል።

ስድስተኛ፣ ዕድርን አትንኩ። ሲቸግር መጀመሪያ የሚቋረጠው ዕድር ነው፤ ቤት ለቅሶ ሲገባ ግን የአንድ ቀን ወጪ የዓመት ዕዳ ይሆናል።

ሰባተኛ፣ ተከራይ መብቱን ይወቅ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅን ይከለክላል፤ ውሉም ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። የስድስት ወር ቅድሚያ ለመክፈል ስንቱ አራጣ ቤት ሄዷል?

ለባለሥልጣናቱ

ምጽዋት አንጠይቅም። ከግብር ነፃ የሆነው ገቢ በየዘጠኝ ዓመቱ ሳይሆን ከዋጋ ንረቱ ጋር በየዓመቱ ይስተካከል። በ2011ዱ አዋጅ ቃል የተገባው ዝቅተኛ ደመወዝ ከወረቀት ይውረድ። ማንኛውም የስልክ ብድር ዋጋውን በዓመት ስንት በመቶ እንደሆነ በግልጽ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ በተበዳሪው ቋንቋ ይጻፍ። የአራጣ ሰለባ ቼክ ፈርመሃል ተብሎ ከመታሰሩ በፊት ቼኩ እንዴት እንደተፈረመ ይጣራ።

እርሳስ ብቻውን ኑሮን አያረክስም። 4,880 ብርን የፈለገው ሊቅ ቢደምረውና ቢቀንሰው 4,880 ብር ነው። ያ ሠራተኛ በልቶ ማደሩ ራሱ አገር ያላየው የሒሳብ ሊቅነት ነው። ስለዚህ "ማቀድ አታውቁም" የሚለው ስድብ ይብቃ። መንግሥት አበዳሪዎቹን ሰብስቦ ዕዳውን ሲያስራዝም "ባህሉ ነው" ያለው የለም። እኛንም አይበለን!