የሰዓቱ ጥፋት አይደለም

አክስቴ ከዓረብ አገር ስማርት ሰዓት ልካልኛለች። እዚህ መካነ ሰላም መብራት ከጠፋ አንዳንዴ ቶሎ እንደማይመጣ ታውቃላችሁ። የሒሳብ ፈተና ዕለት ባትሪው አልቆ ሌሊት ስለጠፋ ሳይቀሰቅሰኝ ቀረ። አርፍጄ ገባሁ፣ ሁለት ጥያቄም ሳልሠራ ወረቀቱ ተሰበሰበ።

ጓደኞቼ «ፎርጅድ ስለሆነ ነው» አሉኝ። እኔ በዚህ አልስማማም። ጥፋቱ የአያያዛችን ነው። እጄን ባነሳሁ ቁጥር ስክሪኑ ቦግ ይላል። ከጀርባው ያለው አረንጓዴ መብራት ቀኑን ሙሉ የልብ ምቴን ይቆጥራል፣ ምን ሊያደርግልኝ? ብሉቱዙም ቤት የቀረውን የእናቴን ስልክ ሲፈልግ ይውላል። (እውነት ለመናገር ስክሪኑን የማበራው ሰው እንዲያይልኝ ነበር።) ሦስቱንም ዘጋሁ፣ ብርሃኑንም ቀነስኩ። በአንድ ቀን ያልቅ የነበረው አሁን ሦስት ቀን ይቆያል።

አያቴ ደግሞ «ፀሐይ ላይ አስጣው» አሉኝ። የሬዲዮናቸው ድንጋይ ሲደክም እንደዚያ ያደርጋሉ፣ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። የሰዓት ባትሪ ግን ሊቲየም ነው፤ ሙቀት ይጎዳዋል እንጂ አይሞላውም። ሙልጭ ብሎ እስኪያልቅ መጠበቅም ዕድሜውን ያሳጥራል። ስለዚህ መብራት ሲመጣ ግማሽም ቢኖረው ቻርጅ ላይ ሰኩት፣ «ይለቅና» አትበሉ።

የሳይንስ ፈተና ዕለት ልክ 11 ሰዓት ሌሊት እጄ ላይ ተንቀጥቅጦ ቀሰቀሰኝ። እሱ እንኳ 5 ብሎ ነው የሚያሳየው፣ የፈረንጅ ነዋ።