የሚበሰብስ ግድግዳ ነውር ነውን?

በአገራችን ሰው ቤቱ የጭቃ መሆኑን ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ብሎኬት ከሆነ ግን ከፍ አድርጎ ያወራል። እኛ የሕንፃ ተማሪዎችም ከዚህ አስተሳሰብ ነፃ አይደለንም። መልካም ዕቃ ማለት የማይበሰብስ ዕቃ ብቻ መስሎናል። ይህ እምነት ሊመረመር ይገባዋል እንላለን።

ሰው ወደ አየር ከሚለቀው የካርቦን ጋዝ ከመቶ 8 ያህሉ የሚወጣው ሲሚንቶ ሲመረት ነው። የእንጉዳይ ሥር የሆነው ነጭ ክር፣ በሳይንስ ስሙ ማይሲሊየም፣ ገለባና አገዳ እየተመገበ ያድጋል፤ ሲያድግም ብጥስጣሹን አያይዞ አንድ አካል ያደርገዋል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ገለባው ተከትክቶ በእንፋሎት ከተጸዳ በኋላ የእንጉዳይ ዘር ይጨመርበታል፣ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ጥቂት ቀናት ይቆያል፣ በመጨረሻም በሙቀት ሲደርቅ ዕድገቱ ይቆማል።

ይህ ሕልም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በኒው ዮርክ ከበቆሎ አገዳና ከማይሲሊየም በተሠሩ 10,000 ያህል ጡቦች 12 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሃይ-ፋይ የተባለ ግንብ ቆመ፤ ጊዜው ሲያበቃም ፈርሶ ብስባሽ ማዳበሪያ ሆነ። በ2017 ደግሞ ማይኮትሪ የተባለው ዛፍ መሰል መዋቅር በሴኡል ለእይታ ቀረበ። ከሠሩት አንዱ ፕሮፌሰር ዲርክ ሄብል ቀደም ሲል በአዲስ አበባ የአርክቴክቸር፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት የሳይንስ ዲሬክተር ነበሩ።

ማጋነን ግን አንፈልግም። ይህ ዕቃ ከኮንክሪት እጅግ የደከመ ነው፤ ሲጎተት ይበጠሳል፣ ውሃም ይጠጣል። ስለዚህ ፎቅ ይሸከም አንልም። ሙቀትንና ድምፅን መከልከል ግን ያውቅበታል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቀን በሙቀት፣ ሌሊት በብርድ ለሚሠቃየው ወገናችን ከኮርኒሱ በላይ ቢነጠፍለት ምን ይጎዳል?

የጤፍ ጭድ የከብት ቀለብ ነውና ከላም አፍ ይነጠቅ የሚልም የለም። በቡና መፈልፈያዎች ደጃፍ የሚከመረው ገለባ ግን ይሞከር።

ስለዚህ መምህራኖቻችንን የምንጠይቀው ጥቂት ነው፤ አንድ ክፍል፣ አንድ የእንፋሎት በርሜልና የእንጨት ቅርጽ ማውጫ። ሸክምን፣ ውሃን፣ እሳትንና ምስጥን በየተራ እንፈትንበት። ካልሆነ አልሆነም ብለን በዚሁ ገጽ እንጽፋለን። ጭድ ከጭቃ አቡክተው ቤት የመረጉ አያቶቻችን ግን ሳይሞክሩ አይሆንም አላሉም።