«ሟርተኛ» የተባለው ወንድማችን



ባለፈው ወር አንድ ወንድማችን ከመግሪብ ሶላት በኋላ በር ላይ ጠብቆ አነጋገረን። ኮልፌ ተወልዶ ያደገ፣ በግንባታ ሥራ በፎርማንነት የሚተዳደር ዝምተኛ ወጣት ነው። «ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እውነቱን ይንገሩኝ። እኔ ጨለምተኛ ነኝ?» አለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰፈሩ ልጆች የሚቀሩበት መድረሳ ስለጠበበ ጀመዓው በላዩ ላይ አንድ ፎቅ ለመጨመር ተመካክሮ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀምሯል። በረመዳን ብዙ ሰው ቃል ገባ፤ ቀለበታቸውን አውልቀው የሰጡ እናቶችም ነበሩ። ደስታው ገና ሳይበርድ በተጠራው ስብሰባ ላይ ይህ ወንድማችን እጁን አወጣ። ቤቱ ያለ ኮለን በብሎኬት ብቻ የተሠራ መሆኑን፣ ግድግዳው ክረምት በመጣ ቁጥር እንደሚሰነጠቅ፣ ሶሌታ ቢጫንበት ሊሸከም እንደማይችል ተናገረ። ቤቱ ጸጥ አለ። አንድ ሁላችንም የምናከብራቸው ሐጂ፣ «ልጄ፣ አታሟርት! በአላህ ላይ ተወከል። ቁርአን የሚቀራበትን ቤት አላህ ይጠብቀዋል» አሉት። ሰዉም «አሚን» አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስም ወጣለት። ሻይ ቤት ሲገባ «ሟርተኛው መጣ» ይሉታል። ቀልድ ነው፤ ነገር ግን ቀልድም ሲደጋገም ያቆስላል። በመጨረሻ ልጁ ስብሰባ መሄዱን ተወ።

ይህ የአንድ ሰፈር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ልጅቷ በደላላ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ስትነሳ «ውሉ ይታይ፣ ማን ቤት እንደምትገባ ይታወቅ» የሚል አጎት ምቀኛ ይባላል። ልጁ በያዘው ሁኔታ ፈተናውን እንደማያልፍ ለወላጅ የሚነግር አስተማሪም ልጁን ይጠላዋል ይባላል፤ ይህ በእኛም ላይ ደርሷል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲሰማ አገሩ ሁሉ ደነገጠ። በማግስቱ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ ሆነ። የልጆቹን ደብተር ሲያርም የኖረ አስተማሪ ግን ማዘኑ እንጂ መደንገጡ አልነበረም።

የሚገርመው፣ በገበያ ቦታ እንዲህ አይደለንም። አጠና ተራ ሄዶ እንጨት የሚገዛ ሰው ሻጩ «ይህኛው ውስጡ ተበልቷል፣ ለወራጅ አይሆንህም» ቢለው መርቆት ይሄዳል። ሌላ ጊዜም ደንበኛው ይሆናል። ያው ቃል ስለ ትዳራችን፣ ስለ ልጃችን ወይም ስለ ጀመዓችን ሲነገር ነው ሟርት የሚሆነው።

ለመሆኑ «ሟርት» ስንል ምን ማለታችን ነው? ክፉው ነገር የሚመጣው ስለተነገረ ነው፣ ባይነገር ኖሮ ይቀር ነበር ማለታችን አይደለምን? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገድን፣ ማለትም ጢየራን፣ ከልክለዋል፤ መልካም ቃልን ግን ይወዱ ነበር። ስንጥቁን ያየ ሰው «ስንጥቅ አለ» ማለቱ ግድግዳውን አይሰነጥቀውም። እንዲህ ብለን የምንፈራ ከሆነ፣ ሳናውቀው ከልክለውን ከነበረው ነገር ጥቂት በልባችን ቀርቷል ማለት ነው። ሐጂ ይህን አስበው እንዳልተናገሩ እናውቃለን። ከአፋችን ሳይታሰብ የሚወጣ ቃል ስለሆነ ግን ልናየው ይገባል።

ተወኩልን በተመለከተ ከሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) ታሪክ የተሻለ መልስ አናገኝም። ዘገባው በቡኻሪና በሙስሊም ውስጥ ይገኛል። ከሊፋው ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከተባለ ቦታ ሲደርሱ አቡ ዑበይዳና ሌሎች የጦር መሪዎች ተቀበሏቸውና በሻም ወረርሽኝ መግባቱን ነገሯቸው። ዑመር ብቻቸውን አልወሰኑም። በመጀመሪያ ቀደምት ሙሃጂሮችን አስጠሩ፤ እነርሱም ተለያዩ። ገሚሱ ለዓላማ ከወጣን መመለስ የለብንም ሲል፣ ገሚሱ ሰዎቹን ወደ ሞት አታስገባ አለ። ቀጥሎ አንሷሮችን አስጠሩ፤ እነርሱም እንዲሁ ተለያዩ። በሦስተኛው በመካ ፈትሕ ጊዜ የተሰደዱትን የቁረይሽ ሽማግሌዎች ሲጠይቁ ሁሉም በአንድ ድምፅ መመለስ ይሻላል አሉ። ዑመርም በነጋታው ለመመለስ ወሰኑ።

እዚህ ላይ ነው አቡ ዑበይዳ ከአላህ ቀደር ልንሸሽ ነውን ብለው የጠየቁት። ጠያቂው ተራ ሰው አይደሉም፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የዚህ ኡመት ታማኝ ያሏቸው ናቸው። የዑመር መልስ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንሸሻለን የሚል ነበር። ምሳሌም ሰጡ፦ ግመሎች ያሉት ሰው አንድ ጎኑ ለምለም፣ ሌላው ጎኑ ደረቅ ወደሆነ ሸለቆ ቢወርድ፣ በለምለሙ ቢያሰማራቸው በአላህ ቀደር ነው፤ በደረቁም ቢያሰማራቸው በአላህ ቀደር ነው። በኋላ ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ መጡና ስለ ወረርሽኝ ከነቢዩ የሰሙትን ነገሩ። ባለበት አገር አትግቡ፤ ያላችሁበት አገር ከገባም ሸሽታችሁ አትውጡ የሚል ነው። ዑመር አላህን አመሰግነው ተመለሱ። አቡ ዑበይዳ ደግሞ ወደ ሠራዊታቸው ተመለሱና በዚያው በዐምዋስ ወረርሽኝ ሞቱ። አላህ ከሁሉም ይውደድላቸው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛን የሚያስደንቀን የጠባያቸው ነገር ነው። ዑመርን ፈሪ ያለ የለም፤ አቡ ዑበይዳንም ግትር ያለ የለም። ክፉ ወሬ ይዞ የመጣውን ሰው «አታሟርት» ያለውም የለም። ወሬው ተሰማ፣ ሹራ ተደረገበት፣ ውሳኔ ተሰጠበት።

እኛ ኮልፌዎች ለዚህ ነገር ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በክፍለ ከተማችንና በንፋስ ስልክ ላፍቶ አዋሳኝ ያለው ቆሼ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገደለ። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ከ50 ዓመት በላይ የከተማው ቆሻሻ የተከመረበት ቦታ መሙላቱ ሳይታወቅ ቀርቶ አልነበረም። ምትክ እንዲሆን በሰንዳፋ አካባቢ የተዘጋጀው ቦታ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ነበር፤ የአካባቢው ገበሬዎች በመቃወማቸው ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ቆመ፤ ቆሻሻውም ወደ ቆሼ ተመለሰ። እኛም በዚያ መንገድ ስናልፍ አፍንጫችንን ይዘን ስለ ሽታው እናወራ ነበር። ስለ ክብደቱ የሚያወራ አንድ ሰው ታክሲ ውስጥ ቢኖር ምን እንለው ነበር? ይህን ራሳችንን ጠይቀን መልሱ አሳፍሮናል።

ይህን ሁሉ ለወንድማችን ስንነግረው ፊቱ በራ። «እንግዲያው እኔ ትክክል ነኝ» አለ። እኛ ግን ገና አልጨረስንም ነበር።

በስብሰባው ላይ የተናገርከው ይህን ብቻ ነው ወይ ብለን ጠየቅነው። ጥቂት አቀረቀረና ሐጂ ከተናገሩት በኋላ «ይህ ሕዝብ መቼም አይለወጥም፤ ቤቱ ሲወድቅ ታዩታላችሁ» ማለቱን ነገረን። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰዉ ሁሉ ጠፍቷል እያለ የሚናገር ሰው ከሁሉም የባሰ የጠፋው እሱ ራሱ መሆኑን አስተምረዋል። ስለ ግድግዳው የተናገረው ሙያው ነው፤ ስለ ሕዝቡ የተናገረው ግን ንዴቱ ነው። አድማጭ ሁለቱን አይለይም፤ አንድ ላይ ጠቅልሎ ይጥለዋል።

በኸንደቅ ዘመቻ፣ በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ መዲናን 10 ሺህ ያህል ጦር ከበባት። ሙስሊሞቹ 3 ሺህ ያህል ነበሩ። ሙናፊቆቹም ሙእሚኖቹም ያዩት ያንኑ ጦር ነው፤ ቁጥሩ ላይ አልተለያዩም። ሱረቱል አሕዛብን 12ኛና 22ኛ አንቀጽ አንባቢ ጎን ለጎን ቢያነባቸው ልዩነቱን ያገኘዋል። እነዚያ ባዩት ነገር የአላህ ቃል ኪዳን ማታለያ ነው እስከ ማለት ደረሱ፤ እነዚህ ግን ባዩት በዚያው ነገር ኢማናቸው ጨመረ። ከሁሉ አስቀድሞ ደግሞ ከተማዋ በሜዳ ውጊያ እንደማትችል አይተው ጉድጓድ ይቆፈር ያሉት ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) ነበሩ። ሐሳብ ሰጥተው ዳር አልቆሙም፤ ከሌሎቹ ጋር ቆፈሩ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው አፈር ተሸክመዋል።

ነቢዩ ዩሱፍንም (ዐ.ሰ) አስታወስነው። የንጉሡን ሕልም ሲፈቱ ሰባት የድርቅ ዓመታት እንደሚመጡ ያውቃሉ። ነገር ግን ንግግራቸውን በድርቁ አልጀመሩም። ሰባት ዓመት እንዴት እንደሚዘራ፣ እህሉም ከነዛላው እንዴት እንደሚቀመጥ አስቀድመው ነገሩ፤ ድርቁ ከዚያ ቀጥሎ መጣ። ሱራውን በልጅነታችን በቃላችን ስንይዘው ይህን ቅደም ተከተል ልብ አላልነውም ነበር።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አቀረብንለት። ፎቁ ተሠርቶ ምንም ሳይሆን ቢቆም ደስ ይልሃል ወይስ ይከፋሃል? ብዙ ዝም አለ። «አሁን እንኳ ደስ ይለኛል፤ ያን ቀን ግን ቢወድቅ የምወድ ይመስለኛል» አለ። ይህን ያህል እውነት ስለ ራሱ የሚናገር ሰው በዚህ ዘመን ብዙ አናገኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሜትር ይዞ መድረሳው ሄደ። አንዱን ማዕዘን ቆፍሮ መሠረቱን አየ፤ ጥልቀቱ ከጉልበት አይበልጥም። ከውጭ በኩል ኮለኖች ቢቆሙ ሸክሙ ከግድግዳው ላይ ሊነሳ እንደሚችል በወረቀት አነሳ፤ ሥራው የሚሠራ ከሆነ የፌሮውን ሥራ ያለ ክፍያ ለመሥራት ወሰነ። ወረቀቱን ወደ ስብሰባ አልወሰደውም፤ ማታ ብቻውን ሐጂ ቤት ሄደ። ቡና ቀረበለት። ሐጂ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግተው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት፤ ስለ ሟርቱም ስለ ቀልዱም አላነሱም።

«ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ይፈጃል?» ብለው ጠየቁት።

ይህን ስንጽፍ እያሰላ ነው።