ቱቦ የሚጠረገው በግንቦት ነው

ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አለፍ ብሎ ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ጃንጥላ፣ የዝናብ ልብስ፣ ቦቲ ጫማና ሸራ እሸጣለሁ። ሌላው ሰው ሰማዩን አይቶ ይለብሳል፤ እኔ ሰማዩን አይቼ እበደራለሁ። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ግንቦት ሲገባደድ የሚያወጣውን የክረምት ትንበያ የኔን ያህል ጆሮ ሰጥቶ የሚያዳምጥ ነጋዴ አራዳ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ከገበሬ ቀጥሎ እኔ ነኝ።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ግን ቱቦ ነው። የሰፈራችን የውሃ መውረጃዎች የሚጠረጉት መቼ ነው? እኔ እንደማየው ውሃው አስፋልቱ ላይ ከወጣ፣ ታክሲዎቹ ከቆሙ፣ ሰውም ካማረረ በኋላ ነው። መጠረግ የነበረባቸው በሚያዝያ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በግንቦት አጋማሽ ነበር።

ግንቦትን ድልድዩ ላይ ቆሞ ያላየ ሰው የምለው ላይታየው ይችላል። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ይላል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ከጊዮርጊስ ወደ መርካቶ የሚወርደው ሰው ነጠላውንም፣ ጋዜጣውንም፣ ካርቶኑንም ራሱ ላይ አድርጎ ይሄዳል። በዚህ ወር ጃንጥላ የሚገዛኝ ለፀሐይ ነው። ያው ጃንጥላ በሰኔ ለዝናብ ይዘረጋል፤ ዋጋውም ያን ጊዜ ከፍ ይላል፣ አልዋሽም። ስምንት ሰዓት ሲሆን እንጦጦ ላይ ደመና መቆለል ይጀምራል። ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነፋሱ ይነሳል፤ የፈረሰውን ሰፈር አቧራ ጠራርጎ ዓይን ያሳውራል። የጉልት ሴቶች ቲማቲማቸውን በማዳበሪያ ሸፍነው ወደኔ በረንዳ ይሮጣሉ። ከዚያ መብረቅ፣ ነጎድጓድ፣ ሽምብራ የሚያህል በረዶ፣ ዶፍ። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ፀሐይ ተመልሳ ትወጣለች፤ መንገዱ ግን ወንዝ ሆኗል። ጎረምሶች ድንጋይ ደርድረው ሰው እያሻገሩ ሳንቲም ይቀበላሉ።

ይህ ከየት መጣ የሚባል ነገር አይደለም። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትሄድ የዝናቡ ቀበቶ ይከተላታል። ከአትላንቲክ፣ ከኮንጎ ተፋሰስና ከህንድ ውቅያኖስ የሚነሳው እርጥብ አየር የጋለው ደጋችን ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ይዘንባል። የእንጦጦ አናት ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ እኛ ከሥሩ ነን። እዚያ የወረደ ውሃ ሌላ መሄጃ የለውም። ቀኑም የታወቀ ነው። ቤተ ክርስቲያን ዘመነ ክረምትን ሰኔ 26 ታስገባለች። ህንዶች የዚሁ የዝናብ ስርዓት ዘመድ የሆነውን ዝናባቸውን ግንቦት 24 ግድም ኬራላ ላይ ይጠብቁታል። እኛ ዘንድ ግን የመጀመሪያው ዶፍ በየዓመቱ «ድንገተኛ» እየተባለ በዜና ይነበባል።

ሰው የሚፈራው ነሐሴን ነው። እኔ የምፈራው ይህንን የመጀመሪያውን ነው። የነሐሴ ውሃ ይበዛል፤ ግን መንገዱ ታጥቦለታል። የግንቦቱና የሰኔ መባቻው ዶፍ ከጥቅምት ጀምሮ ቱቦ ውስጥ የተጠራቀመውን ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይዞ ይነሳል፤ ፌስታል፣ የሀይላንድ ጠርሙስ፣ የሸንኮራ ልጣጭ፣ የጫት ገረባ፣ የግንባታ አሸዋ፣ የመኪና ዘይት፣ ሌላም የማልጽፈው። ጠረኑ ደግሞ ከውሃው ይብሳል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል፤ ደስ ብሎኛል። ቱቦ ውስጥ ቀድሞ የገባውን ግን አዋጅ አያወጣውም፣ አካፋ እንጂ።

የኮሪደር ልማቱ ብዙ ቦታ አዲስ ቱቦ እንደቀበረ አይቻለሁ፤ የወንዝ ዳርቻ ሥራውንም የማጣጥል ሰው አይደለሁም። ሆኖም የተነጠፈ መሬት ውሃ አይጠጣም። ድሮ ጓሮና ጭቃ የሚያስቀረው ውሃ ዛሬ በንጣፉ ላይ ተንደርድሮ ቱቦው አፍ ላይ ይደርሳል። ቱቦው ቢሰፋ፣ አፉ በፌስታል ከተደፈነ ምን ይፈይዳል?

ለምን ይዘገያል ብዬ ሳስብ አንድ ነገር ይታየኛል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። በግንቦት መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ሂሳብ መዝጊያ ላይ ነው፤ አዲሱ በጀት በሐምሌ ሲለቀቅ ዝናቡ ጉልበቱ ላይ ደርሷል። የቱቦ ጠረጋ ገንዘብ ተለይቶ ተይዞ እስከ ግንቦት 15 ሥራ ላይ ካልዋለ፣ በየዓመቱ በዶፍ ውስጥ የሚቆፍሩ ሠራተኞችን ስናይ እንኖራለን። አሳዛኙ፣ እነዚያ ሠራተኞች ቦቲ ጫማ ሊገዙ ሲመጡ በራሳቸው ገንዘብ ነው የሚከፍሉኝ።

ነገሩ በኛ ሰፈር ቢያልቅ ኖሮ ጋዜጣ ላይ ባላወጣሁት። ከሎጊያ እየመጣ ሸራ የሚወስድ የአፋር ደንበኛ አለኝ። ሰኔ ላይ ይደውልልኛል። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ «ጋሼ፣ እናንተ ጋ ጀመረ ወይ?» ይለኛል። እሱ ያለበት ቦታ ሙቀቱ 40 ዲግሪ አልፎ፣ ሕዝቡ ከርማ የሚሉትን የክረምት ዝናብ እየጠበቀ ነው። ዝናቡን ይፈልገዋል፤ አዋሽን ግን ይፈራዋል። በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውሃ ከሌሎቹ የከተማዋ ወንዞች ጋር አቃቂ ይገባል፤ የአባ ሳሙኤልን ግድብ አልፎ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ባሕር አይደርስም። የቆቃን ግድብ በደለል እየሞላ፣ በመተሐራ በኩል አልፎ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። በ2012 ክረምት አዋሽ ከአልጋው ወጥቶ በአፋር በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። ያን ሁሉ ውሃ አዲስ አበባ ላከችው አልልም፤ አዋሽ ብዙ ገባር አለው። ፌስታሉን በተመለከተ ግን እንዲህ ብዬ መከራከር አልችልም።

ዝናቡ የሚወርድበትና ውሃው የሚጎዳው ቦታ አንድ እንዳልሆነ ድሬዳዋ ታውቃለች። ወንዟ ደቻቱ በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገረዋል፣ ይነግድበታል። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ በ1998፣ ከከተማዋ በላይ ያሉት ተራሮች ላይ የዘነበው ወርዶ በተኙበት ከ250 በላይ ሰዎች ገደለ። እኛም ሩቅ አይደለንም፤ በ2013 ነሐሴ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ጎርፍ የሰው ሕይወት አጥፍቷል።

የኛ የነጋዴዎቹ ድርሻም አለ። ጠዋት ጠዋት ደጃፉን ጠርጎ ቆሻሻውን ቱቦው ውስጥ የሚጨምር ጎረቤት ሞልቶኛል፤ ስናገረው «ውሃው ይወስደዋል» ይለኛል። ወዴት እንደሚወስደው አይጠይቅም። የደጃፉን ቱቦ የደፈነ ነጋዴ በግንቦት ቢቀጣ፣ እኔን ጨምሮ፣ ቅር አይለኝም። የአራዳ ክፍለ ከተማም የትኛው ቱቦ በየትኛው ቀን እንደሚጠረግ በየወረዳው በር ላይ ቢለጥፍ ሰው አይቶ ይጠይቃል።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ትንሽ ቢመስልም። ሠራተኞች ቱቦውን ሲጠርጉ ያወጡትን ዝቃጭ ጠርዙ ላይ ይቆልሉታል። መኪና ነገ ይመጣል ይባላል። ማታ ይዘንባል፤ ቁልሉ ወደነበረበት ቱቦ ይመለሳል። ያን የሚያነሳ መኪና ጠረጋው በተደረገበት በዚያው ቀን ካልመጣ፣ ከነጭራሹ ባይቆፍሩት ይሻላል፤ ቢያንስ የመጥረጊያው ገንዘብ ይተርፋል።