ገለባ ያልሆነ አፈር

ሰው ሲሞትብን «አፈሩን ገለባ ያድርግለት» እንላለን። ለሟች የምንለምንለት የመጨረሻው ነገር ይኸው ነው፤ የሚጫነው አፈር እንዲቀልለት። ሞስኮ ውስጥ ሚቲኖ በሚባለው መካነ መቃብር ግን ይህ ምርቃት የማይደርሳቸው ወጣቶች አርፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 የቼርኖቢል ኑክሌር ጣቢያን እሳት ሊያጠፉ የገቡ የእሳት አደጋ ሠራተኞችና የጣቢያው ባልደረቦች ናቸው። ሰውነታቸው ጨረር ተሸክሞ ስለነበር በዚንክ ሣጥን ታሽገው፣ ኮንክሪት ተሞልቶባቸው ተቀበሩ። አፈር እንኳ በወጉ አልለበሱም።

ይህን የማነሣው ባለፈው ሰሞን አንድ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ የሰማሁት ነገር እንቅልፍ ስለነሣኝ ነው። የኑክሌር ኃይል ወሬ ተነሣና አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ወጣት መሐንዲስ፣ «ጋሼ፣ ቼርኖቢል የገደለው እኮ 31 ሰው ነው። እኛ አገር በአንድ ወር በመኪና አደጋ የሚሞተው ከዚያ ይበልጣል» አለኝ። ለቅሶ ቤት ሙግት ነውር ነውና ዝም አልኩት። ዝምታዬ ግን እንደ እሾህ ወጋኝ። መልሴ ይኸው፤ ልጄ፣ ስማኝ።

እኔ እዚያ ነበርኩ። በ1978 ዓ.ም. ኪየቭ ከተማ ተማሪ ነበርኩ፤ ያን ጊዜ ወደ ሶቪየት ኅብረት ለትምህርት ከተላኩት በርካታ ኢትዮጵያውያን አንዱ። የመኝታ ሕንፃችንን በር የሚጠብቁ አንዲት ባልቴት ነበሩ። የእሳቸውም የእኛም ፋሲካ በአንድ ቀን ስለሚውል ጾሙን አብረን እንቆጥር ነበር። በዚያ ዓመት ሚያዝያ 18 የሆሣዕና ዋዜማ ነበር። በዚያች ቀን ሌሊት 7 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ላይ፣ ከከተማችን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ የቼርኖቢል 4ኛው ሪአክተር ፈነዳ። እኛ ተኝተን ነበር። በመተኛታችን ማንንም አልወቅስም። የሚያንገበግበኝ ነግቶም፣ መሽቶም፣ ዳግመኛ ነግቶም የቀሰቀሰን አለመኖሩ ነው።

ከሪአክተሩ 3 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በፕሪፕያት 49,000 ገደማ ሰው ይኖር ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ደብተራቸውን ይዘው ትምህርት ቤት ሄዱ። እናቶች ሕፃናታቸውን በጋሪ እየገፉ ፀሐይ አሞቋቸው። አውቶቡሶቹ የመጡት ከ36 ሰዓት በኋላ፣ እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው። ለጥቂት ቀን ነው ተባሉ፤ የሦስት ቀን ስንቅና ወረቀታቸውን ብቻ ይዘው ወጡ። የሆሣዕና ዕለት፣ ሕዝብ ዘንባባ ይዞ ወደ ከተማ መግባቱ በሚታሰብበት ቀን፣ ያ ሕዝብ ከከተማው ወጣ። እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ለዓለም የነገረው ማን እንደሆነ ታውቃለህ? ስዊድን ነች። ሰኞ ጠዋት በፎርስማርክ የኑክሌር ጣቢያ አንድ ሠራተኛ መፈተሻው ላይ ሲቆም መሣሪያው ጮኸበት፤ ጫማው ጨረር ይዞ ነበር። ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚኖረው ስዊድናዊ በጫማው ሲያውቅ፣ እኔ ኪየቭ ተቀምጬ አላውቅም። ሞስኮ በዚያው ምሽት ጥቂት ዐረፍተ ነገር ብቻ አስነበበች። እኔ የሰማሁት ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸሽጌ በአጭር ሞገድ ራዲዮ ነው። የትምህርት ተቋሜን ኃላፊዎች ስንጠይቅ፣ የጠላት ወሬ ነው፣ ወደ ክፍላችሁ ግቡ አሉን።

ሚያዝያ 23 ጸሎተ ሐሙስ ነበር፤ የሠራተኞች ቀንም ነው። ክሬሽቻቲክ ጎዳና ላይ ባንዲራ አስይዘው አሰለፉን። ነፋሱ በዋዜማው ወደ ኪየቭ ዞሯል፣ በአየሩ ውስጥ ያለው ጨረርም ጨምሯል፤ ይህን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ከፊታችን ጥልፍ ቀሚስ የለበሱ፣ አበባ የደፉ ሕፃናት እየጨፈሩ ያልፉ ነበር። አጨበጨብኩላቸው። ያ ጭብጨባ ዛሬም እጄ ላይ አለ።

ማታ ስመለስ ባልቴቷ እጄን ይዘው በሹክሹክታ፣ «ልጄ፣ መስኮትህን ዝጋ፤ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ወልውል፤ ወተት እንዳትቀምስ። የባለሥልጣኖቹ ልጆች ባቡር ጣቢያውን ሞልተውታል» አሉኝ። ያን ሁሉ ፕሮፌሰር የያዘ ተቋም ያልነገረኝን በር ጠባቂዋ ነገሩኝ። የሶቪየት መሪው ጎርባቾቭ በቴሌቪዥን ቀርቦ ለሕዝቡ የተናገረው ግንቦት 6 ቀን ነው፤ ከፍንዳታው በ18ኛው ቀን።

የፋሲካ ለት ጠዋት፣ 55 ቀን ጾሜ ልገድፍበት የገዛሁትን ወተት በእጄ ውኃ መውረጃው ላይ ደፋሁት። ነጩ ወተት እየተሽከረከረ ሲወርድ ቆሜ አየሁት። እኔ ነጋሪ ስላገኘሁ ደፋሁ። ነጋሪ ያላገኘችው የገጠር እናት ግን ከላሟ አልባ ለልጇ አጠጣች።

በወተቱ ውስጥ የነበረው አዮዲን 131 ነው። በየ8 ቀኑ ግማሹ ይከስማል፤ ልጆችን ለጥቂት ሳምንታት ከዚያ ወተት መከልከል ብቻ ብዙዎቹን ያድን ነበር። ያ አገር ደግሞ አፈሩ አዮዲን ያጥረዋል፣ እንቅርትም የቆየ በሽታው ነው። አዮዲን የተራበ የሕፃን ታይሮይድ እጢ መርዘኛውን አዮዲን እንደ ደረቅ መሬት መጠጠው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የምንለው ተረት እዚያ ተረት አልነበረም። እ.ኤ.አ. እስከ 2005 ድረስ በአደጋው ጊዜ ሕፃናትና ወጣቶች ከነበሩት መካከል ከ6,000 በላይ የታይሮይድ ካንሰር ተመዝግቧል፤ ለብዙው መነሻው ያ ወተት ነው። አብዛኞቹ በቀዶ ሕክምና ተርፈዋል። አንገታቸውን የዞረውን ጠባሳ ሰዉ «የቼርኖቢል ሐብል» ይለዋል፤ ብዙዎቹም ዕድሜ ልካቸውን ክኒን ይውጣሉ። ጎረቤት ፖላንድ ግን ወሬውን እንደሰማች፣ ሞስኮን ሳትጠብቅ፣ ከ10 ሚሊዮን ለሚበልጡ ልጆች አዮዲን አደለች። ይቻል ነበር ማለት ነው። ልጄ፣ ሐብሉን ያሰሩት ልጆች ከ31ዱ ውስጥ የሉም።

መኪና ጠቅሰህልኛልና በመኪና ልመልስልህ። ብሬኩን ስትረግጠው ከመቆሙ በፊት ለአፍታ የሚፈተለክ መኪና ትነዳለህ? የቼርኖቢሉ ሪአክተር እንዲያ ነበር። ኃይሉን የሚገቱት ዘንጎች ጫፋቸው ግራፋይት ስለሆነ፣ ከላይ ወደ ታች ሲወርዱ መጀመሪያ ላይ ከሥር ኃይሉን ይጨምሩታል። ይህ ጉድለት ከአደጋው 3 ዓመት በፊት ሊቱዌኒያ ውስጥ በኢግናሊና ጣቢያ በሙከራ ታይቷል። ታይቶም ለኦፕሬተሮቹ በወጉ አልተነገራቸውም። በዚያች ሌሊት የአደጋ ጊዜ ማቆሚያውን ቁልፍ ሲጫኑ ብሬኩ ራሱ ፈጃቸው። በማግስቱ ዓመት ተፈርዶባቸው እስር ቤት የወረዱት የጣቢያው ሰዎች ናቸው፤ ሪአክተሩን የነደፉት ፍርድ ቤት አልቆሙም። ይህንንም የሾፌር ስህተት ትለዋለህ?

አሁን ደግሞ ማንም ወደማይቆጥረው ልውሰድህ። ቼርኖቢል የሚለው ስም የመራራ ቅጠል ስም ነው፤ የእኛ የጭቁኝና የአሪቲ ዘመድ። የአካባቢው ሰው ፖሌሲያ በሚባለው ረግረግና ጫካ ከዘመናት በፊት ጀምሮ የኖረ ገበሬ ነው። እንጉዳይ ከጫካ ይለቅማል፣ ላም ያልባል፣ ዘፈኑና ጥልፉ የራሱ ነው። በአንድ ሌሊት ጫካው፣ ላሙ፣ ጓሮው፣ የሚወደው ሁሉ መርዝ ሆነበት። የሚታይ ነገር የለም፤ ሽታም የለው። አንበጣ ቢመጣ ታባርረዋለህ፣ ጦር ቢመጣ ትሸሻለህ። ጎመንህ አረንጓዴ ሆኖ ቆሞ እያየኸው አትብላው ስትባል ግን ምን ታደርጋለህ?

ኮፓቺ የምትባል መንደር ነበረች። ቤቶቹን በዶዘር አፍርሰው፣ ጉድጓድ ምሰው ቀበሯቸው። እኛ ሰው ቀብረን ወደ ቤት እንመለሳለን፤ እነሱ ቤታቸው ተቀብሮ ሰዎቹ ቀሩ። በጠቅላላው ከ300,000 በላይ ሰው ከቀዬው ተነቀለ። በተወሰዱበት ከተማ ጎረቤት ሸሻቸው፤ ልጁን ከእነሱ ልጆች ጋር አትጫወት ያለ አለ፤ ከዚያ መምጣቱን ከትዳር አጋሩ የደበቀ አለ። ከሺህ የሚበልጡ ግን፣ አብዛኞቹ አሮጊቶች፣ የጥበቃውን አጥር አልፈው ወደ መንደራቸው ተመለሱ። ከእናታቸው መቃብር ርቀው ከመኖር ከጨረሩ ጋር መኖርን መረጡ። በየዓመቱ በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን የአጥሩ በር ለተፈናቃዮች ይከፈት ነበር። እንቁላልና ዳቦ ይዘው ይገቡና በወላጆቻቸው መቃብር ላይ ቆርሰው፣ አልቅሰው፣ ሲመሽ ይወጡ ነበር። አፈሩን መሳም የሚፈራ ሕዝብ አደረጓቸው። ይህን የትኛው ዓምድ ላይ ትጽፈዋለህ?

ያ የሶቪየት ጉድ ነው ትለኝ ይሆናል። እሺ፣ ጃፓን እንሂድ። ዲሞክራሲ አላት፣ ቴክኖሎጂ አላት፣ ሱናሚን ከማንም በላይ ታውቃለች። የፉኩሺማው ኑክሌር ጣቢያ ባለቤት ቴፕኮ ከ15 ሜትር የሚበልጥ ማዕበል ሊመጣ እንደሚችል የሚያሳይ ስሌት እ.ኤ.አ. በ2008 በእጁ ነበር። ስሌቱ ወረቀት ላይ ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 ባሕሩ መጣ። የጃፓን ፓርላማ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አደጋውን ሰው ሠራሽ ብሎታል። በፉኩሺማ ግዛት ከ2,300 በላይ ሰዎች ከመፈናቀሉ ጋር በተያያዘ ጠንቅ ሞተዋል፤ አብዛኞቹ ከአልጋቸውና ከሆስፒታላቸው የተነሡ አረጋውያን ናቸው። ያንተ ቢጤ ቆጣሪ «ጨረሩ አልገደላቸውም» ይላል። ከሞቱት ብዙዎቹ ግን ያ ጣቢያ ባይኖር ከአልጋቸው አይነሡም ነበር።

ልጄ፣ የኑክሌር ጠላት አይደለሁም። የድንጋይ ከሰል ጭስ ስንቱን እንደሚገድል አውቃለሁ። በኩበት ጭስ ዓይናቸው የጠፋ እናቶቻችን መብራት እንደሚገባቸው ከማንም በላይ አምናለሁ፤ እናቴ አንዷ ናት። የምጣላው ከቁጥርህ ጋር ነው። ያ 31 የሚለው ቁጥር የመጣው የተበከለውን መሬት ካርታ ለ3 ዓመት ከሕዝቡ ከሸሸገ መንግሥት ነው። ያን ቁጥር ተቀብለህ ስትደግም ሽሽጉን አብረህ ትሸሽጋለህ።

ነገሩ ደግሞ የሩቅ አገር ታሪክ ሆኖ አልቀረም። መንግሥታችን የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት ማሰቡን በይፋ ተናግሯል፤ መስከረም 2018 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ከሩሲያው የኑክሌር ድርጅት ከሮሳቶም ጋር ሰነድ ተፈራርሟል። እንግዲያው የመጀመሪያው ሲሚንቶ ከመቦካቱ በፊት እጠይቃለሁ፤ አንተም አብረኸኝ ጠይቅ። ጣቢያውን የሚቆጣጠረው አካል ለሚገነባው የማይታዘዝ ይሁን። የጨረሩ መጠን በየገበያው፣ በየትምህርት ቤቱ፣ ገበሬው በሚያነበው ቋንቋ በየቀኑ ይለጠፍ። አዮዲኑ በየቀበሌው ጤና ጣቢያ አስቀድሞ ይቀመጥ። ጉድለት አይቶ የተናገረ ሠራተኛ ይሸለም እንጂ አይባረር። ክፉ ቀን ከመጣም ከአጥሩ ማዶ የሚኖረው ገበሬ ሚኒስትሩ በሰማበት ሰዓት ይስማ፤ ልጁም ከሚኒስትሩ ልጅ እኩል አውቶቡስ ይሳፈር። እነዚህን በሕግ ጽፎ በተግባር ያላሳየኝን ማንንም አላምንም።

በር ጠባቂዋ ባልቴት ሥልጣንም ዲግሪም አልነበራቸውም፤ ያወቁትን በሰዓቱ ነገሩኝ፣ እኔም ተረፍኩ። ከመንግሥት የምጠይቀው ያንኑ ነው። ሕዝቡን በሌሊት ለመቀስቀስ ያልቆረጠ መንግሥት ይህን እሳት የመለኮስ መብት የለውም።